ብርጭቆ ውሃው ዋሸኝ፦ ባሕር ዳር ላይ ማር ሲገዛ እንዴት ይፈተሻል?

የዛሬ ጥቂት ዓመት ከባሕር ዳር ወጣ ብዬ መንገድ ዳር አምስት ኪሎ ማር ገዛሁ። ሻጩ ሳልጠይቀው ብርጭቆ ውሃ አወጣ። ማሩን በማንኪያ ጠብ አደረገው። ሳይበተን እንደ ክር ወርዶ ታች ተኛ። «አየህ ወንድሜ? ንጹህ!» አለኝ። ቀጥሎ የክብሪት እንጨት ማር ውስጥ ነክሮ ጫረ። በራ። እኔም ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ። ከሁለት ወር በኋላ ባልዲውን ስከፍተው ከላይ ቀጭን ሽሮፕ፣ ከታች እንደ ነባት የጠጠረ ስኳር ጠበቀኝ። ተሸውጃለሁ።

ያን ቀን ልብ ያላልኩት ነገር ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ፈተና አጭበርባሪውም ያውቀዋል። ማሩን ሲያዘጋጅ ፈተናውን እንዲያልፍ አድርጎ ነው የሚያዘጋጀው። ሳትጠይቁት ብርጭቆ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ እንግዲህ ትንሽ ተጠራጠሩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በደንብ ገባሁበት። አንድ ፈተና የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ውሃ ገብቶበታል?» የሚለው አንድ ነው። «ዱቄት አለበት?» ሌላ ነው። «ስኳር ተቀላቅሎበታል?» ደግሞ ከሁሉም የከፋው ጥያቄ ነው፤ ቤት ውስጥ በእርግጠኝነት አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉትን እወቁ፣ ከዚያ ለእሱ የሚሆነውን ፈተና ምረጡ።

ማር ውስጥ ምን ይጨመራል?

ዋናው ስኳር ነው። በውሃ ተፈልቶ፣ ወፍሮ፣ ከጥቂት እውነተኛ ማር ጋር ይደባለቃል። ሽታውን ማሩ ይሰጠዋል፣ ክብደቱን ስኳሩ። ሌላው ተራ ውሃ ነው። የረጋ ማር ለማስመሰል የስንዴ ዱቄት ይገባል። የተላጠ ሙዝ ፈጭቶ የሚጨምርም አለ። ቀይ ማር ለማስመሰል ደግሞ ሞላሰስ፣ ስኳር ሲሠራ የሚተርፈው ጥቁር ዝቃጭ።

ስውሩ ዘዴ ግን ቀፎው ጋ የሚሠራው ነው። ንብ በክረምት ሲርባት አናቢዎች የስኳር ውሃ፣ በሶና ሽሮ ይሰጧታል። ይሄ ነውር አይደለም፤ መንጋው እንዳይሞት ነው። ነውሩ አበባው ፈንድቶም ስኳር መስጠቱን ቀጥሎ፣ ንቧ ያንን ስታከማች ቆርጦ «ማር» ብሎ መሸጡ ነው። ይሄኛው የማር እንጀራ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰም ተሸፍኖ፣ ንብ ራሷ ያስቀመጠችው ሆኖ ይመጣል። በዓይን አይለይም።

መጀመሪያ ወቅቱን እወቁ

ይሄ ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በጎጃምና በጣና ዙሪያ ዋናው ማር የሚቆረጠው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። አደይ አበባና ኑግ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዳውን ቢጫ ያደርጉታል፤ ማሩ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይ ህዳር ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ቆረጣ ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ነው። ነሐሴ ላይ «ትናንት የተቆረጠ» የሚል ሰው ከመጣ፣ የት አበባ አግኝቶ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ወቅቱን ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው። የኑግ ማር ቶሎ ይረጋል። ህዳር ላይ የገዛችሁት በጥር እንደ ቅቤ ቢሆን «ስኳር ገብቶበታል» ብላችሁ አትጣሉት። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ የረጋውን ይፈራል፣ ዓመቱን ሙሉ የማይረጋውን ያደንቃል። ማር የሚረጋው ውስጡ ያለው ግሉኮስ ስለሚጠጥር ነው። ፍሩክቶስ የበዛበት ማር ሳይረጋ ይቆያል፤ ግሉኮስ የበዛበት ፈጥኖ ይረጋል። ሁለቱም ንጹህ ሊሆኑ ይችላሉ። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ቅዝቃዜ ደግሞ ያፋጥነዋል፤ ባሕር ዳር ሞቃት ስለሆነች ትንሽ ይዘገያል።

ሻጩን ጠይቁት፣ ከዚያ ዝም በሉ

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከገጠር ማር ያመጣ ሽማግሌ ሳገኝ እንዲህ ነው የምለው፦ «አያ፣ ከየት ቀፎ ነው?» «ከመራዊ በታች፣ ከራሴ ጓሮ።» «መቼ ቆረጡት?» «ባለፈው ሳምንት፣ ማታ።» «ንቧ ምን ላይ ዋለች?» «ኑግ ላይ ነዋ ልጄ፣ ሌላ ምን አለ በዚህ ጊዜ!»

መልሱ ፈጥኖ፣ ከነዝርዝሩ ይመጣል። ቀፎ የሚያውቅ ሰው ስለ ቀፎ ማውራት ይወዳል። ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ፣ ጭስ በዝቷል ወይስ አልበዛም፣ እጭ ተቀላቅሎበታል ወይስ ተለይቷል፣ ሁሉን ይነግራችኋል። «ንጹህ ነው፣ አንደኛ ነው፣ እመኑኝ» ብቻ ከሆነ የሚሉት፣ ማሩ ከነጋዴ ነጋዴ ዞሮ መጥቷል ማለት ነው። ያ ብቻውን ክፉ አይደለም። ግን ብዙ እጅ ያለፈ ማር ብዙ ዕድል አግኝቷል።

አንድ ሐቅ ልጨምር። ጎጃም ላይ ማር «የዘጌ» ወይም «የላሊበላ» ሲባል ዋጋው ይጨምራል። ስሙን የሚያሳይ ምንም ነገር ባልዲው ላይ የለም። ስም አትግዙ፤ የቀፎውን ባለቤት ግዙ።

ዓይን፣ አፍንጫ፣ ምላስ

ከባህላዊ ቀፎ የወጣ ማር የጭስ ጠረን፣ የሰም ፍርፋሪ፣ አልፎ አልፎ የንብ ክንፍ ይኖረዋል። ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን ማስረጃ አይደለም። ሰም ፈርፍሮ ሽሮፕ ላይ መበተን አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሽታው ይሻላል። ጥቂት ማር እጃችሁ ጀርባ ላይ አድርጋችሁ አሹት፣ ሲሞቅ አሽትቱት። የአበባ፣ የቅጠል ሽታ ከወጣ ደህና። የተቃጠለ ስኳር ወይም ከረሜላ ከሸተተ ሂዱ። ምላስ ላይ ደግሞ ስኳር ጣፍጦ ወዲያው ይጠፋል፤ ማር ጉሮሮ ላይ ያዝ ያደርጋል። ይሄ የልምድ ነገር ነው። ዕድሜዋን ሁሉ ጠጅ የጣለች እናት በአንድ ጠብታ የምትለየውን እኔ በአንድ ማንኪያም አልለይም።

አሁን እንመዝን፦ የሃይላንድ ፈተና

በጣም የምወደው ይሄ ነው። ውሃ የገባበትን ማር ያጋልጣል፣ የሚያስፈልገውም የወጥ ቤት ሚዛንና ባዶ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ጠርሙሱን አድርቁና ባዶውን መዝኑ። ለምሳሌ 15 ግራም ይሁን። ሁለተኛ፣ አንገቱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሩና እስከ መስመሩ ውሃ ሙሉበት። መዝኑ። 515 ካለ ውሃው 500 ግራም ነው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ውሃውን ደፍታችሁ ጠርሙሱን ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁ። አራተኛ፣ እስከዚያው መስመር ማር ሙሉ። በቀስታ ነው፤ አረፋ ካለ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪያልቅ አንድ ሌሊት አቆዩት፣ ከጎደለ ጨምሩ። መዝኑ። 720 ቢመጣ፣ ከዚያ ላይ 15ቱን ቀንሱ፤ ማሩ 705 ግራም ነው። 705 ለ500 ሲካፈል 1.41 ይሆናል።

ጥሩ ማር ከ1.40 እስከ 1.43 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከ1.39 በታች ከሆነ ውሃው በዝቷል። ወይ ተጨምሮበታል፣ ወይ ሳይበስል ተቆርጧል። ንብ ማሩ ሲደርስ በሰም ትከድነዋለች፤ ሳይከደን የተቆረጠ ማር ቀጭን ነው፣ ቶሎም ይኮመጥጣል።

በዚህ ሒሳብ ሌላ ነገርም ታገኛላችሁ። አንድ ኪሎ ማር የሚይዘው ከሊትር ሰባት አስረኛ አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሙሉ ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይጠጋል። አንዱ በሊትር፣ ሌላው በኪሎ ሲሸጥ ዋጋቸውን በቀጥታ አታወዳድሩ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንት ጊዜ «ረከሰልኝ» ብያለሁ!

ግን ልብ በሉ። በደንብ የወፈረ የስኳር ሽሮፕም 1.41 ሊመዝን ይችላል። ሚዛኑ የሚያውቀው ውሃን ብቻ ነው።

ዱቄቱን በአዮዲን

ፋርማሲ ቁስል ላይ የሚደረገውን አዮዲን ግዙ፤ ርካሽ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጡ። ድስት ላይ አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ አፍሉት፤ ጥሬ ዱቄት ካለ እንዲበስል ነው። ከዚያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ላይ አዮዲን ከጨመራችሁ ቀለሙ ይጠፋና ትታለላላችሁ። ሲቀዘቅዝ ሦስት አራት ጠብታ አዮዲን ጠብ አድርጉ። ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከቀረ ዱቄት የለም። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ወደ ጥቁር ከሄደ አለ። ማሩ ቀይ ከሆነና ቀለሙን ማየት ከከበዳችሁ ውሃውን ጨምሩ። ስታበቁ ድፉት፤ አትቅመሱት።

እዚህ ላይ የምመክረው አንድ ነገር አለ። ከምታምኑት ማር ሁለት ማንኪያ ውሰዱ። አንዱን ባለበት ተዉት፤ ሌላው ላይ ቁንጥር ዱቄት ጨምሩ። ሁለቱንም ከተጠራጠራችሁት ማር ጎን ለጎን ፈትሹ። «ሰማያዊ» ማለት ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደሆነ ያኔ ታውቃላችሁ።

በዚያው እጃችሁ አንድ ሌላ ሙከራ አድርጉ። ሁለት ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ አፍሉ፣ እስኪወፍር። ይቀዝቅዝ። ከዚያ ያንን የተከበረ የብርጭቆ ውሃ ፈተና ስጡት። ሽሮፑ እንደ ክር ወርዶ ታች ይተኛል። «ንጹህ ማር!» የክብሪቱም ነገር ያው ነው። እንጨቱን የሚያጠፋው እርጥበት ስለሆነ የወፈረ ሽሮፕ የነካው ክብሪትም ይበራል፤ እውነተኛ ግን ቀጠን ያለ ማር የነካው ሊጠፋ ይችላል። ወረቀት ላይ ማድረግ፣ አፈር ላይ ጠብ ማድረግ፣ ሁሉም የሚለኩት ውፍረትን ነው። «ጉንዳን አይነካውም» የሚለውማ ሳቄን ያመጣዋል። ጉንዳን ማር ካገኘ መቼ ይተዋል?

ጊዜ ራሱ ይፈትሻል

ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት ግማሽ ኪሎ ግዙና በብርጭቆ ጠርሙስ፣ ከጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ላዩ ላይ ቀን ጻፉ። የምትጠብቁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ መኮምጠጥ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ፉጭ ካለ፣ አረፋ ከታየና የጠጅ ሽታ ከመጣ ውሃው በዝቶ ነበር። ሁለተኛው የረጋው መልክ ነው። ደቃቅ፣ ለስላሳ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ከሆነ ጥሩ። እንደ እኔ ባልዲ ታች ላይ ብርጭቆ የመሰለ ጠጠር ከተከማቸ ስኳር ጠርጥሩ። ጠርጥሩ ነው ያልኩት፤ ንጹህ ማርም አንዳንዴ ሁለት ሽፋን ይሠራል፣ ሻካራ ሆኖም ይረጋል።

ጠጅ ቤት ወይም ማኅበር ላላችሁ፦ ሪፍራክቶሜትር

በኩንታል የምትገዙ ከሆነ ይሄን ማር ውስጥ ያለውን ውሃ የሚለካ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ግዙ። ለማር የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ለጭማቂ የተሠራው አይሆንም፣ የሚያነባቸው ቁጥሮች ማር ጋ አይደርሱም። ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው ማስተካከያ አስተካክሉት። በውሃ አታስተካክሉት፤ ለማር የተሠራው መሣሪያ ቁጥሩ ከውሃ በጣም ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። የረጋ ማር ከሆነ ትንሽ በተዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሟሙት፣ ከ40 ዲግሪ በላይ አታሙቁ። መስተዋቱ ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ፣ አረፋ አይኑር፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ የውሃውን መጠን የሚያሳየውን መስመር አንብቡ። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ከጥቂት ዓይነቶች በስተቀር ከ20 በመቶ በላይ ውሃ አይፈቅድም። ከ17 በመቶ በታች ከሆነ ማሩ የመኮምጠጥ ስጋት የለበትም ማለት ይቻላል። ልክ እንደ ሃይላንዱ ጠርሙስ ግን ይሄም ስለ ስኳር ዝም ነው።

ስኳሩን ማን ይይዘዋል?

ላብራቶሪ። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባችሁ ላብራቶሪው ጋ ሄዶ «ማሩን ፈትሹልኝ» ማለት እንደማይበቃ ነው። ምን እንደሚለካ በስም ጠይቁ።

ሱክሮስ አንዱ ነው። ተራ ስኳር ሱክሮስ ነው። ማር ውስጥ ንቧ ሰብራው ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሚቀየር ከጥቂት ዓይነቶች በስተቀር ከ100 ግራም ማር ውስጥ ከ5 ግራም መብለጥ የለበትም። ሳይበስል የተቆረጠ ማርም ሊበልጥበት ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከውሃው ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። ሁለተኛው ኤችኤምኤፍ ነው፤ ማር ሲሞቅ ወይም ሲያረጅ የሚፈጠር ነገር ነው። በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ወሰኑ ነው፣ ከሞቃት አገር ለሚመጣ ማር 80። ስኳር በአሲድ ተፈልቶ ሲሰበርም ስለሚፈጠር በጣም ከፍ ካለ ጥያቄ ያስነሳል። ሦስተኛው ዲያስቴስ የሚባለው ኢንዛይም ነው። ንቧ ናት የምትጨምረው፤ ከ8 በታች ከወረደ ማሩ በጣም ሞቋል፣ አርጅቷል ወይም ተበርዟል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ በተፈጥሮው ኢንዛይም የሚያንሰው ማርም ግን አለ።

ዋናው ግን የካርቦን ልኬቱ ነው፣ ለእኛ አገር ደግሞ ይመቸናል። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ከአየር ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ ከኑግ፣ ከባሕር ዛፍና ከብሳና የተለየ ነው። ያ ልዩነት ካርቦኑ ላይ አሻራ ይተዋል፣ አገዳው ስኳር ሆኖ፣ ስኳሩ ሽሮፕ ሆኖም አይጠፋም። ባለሙያው ማሩ ውስጥ ያለውን የፕሮቲን ካርቦን ከሙሉ ማሩ ካርቦን ጋር ያነጻጽራል። የባዕድ ስኳሩ መጠን 7 በመቶ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ማሩ ተበርዟል ይባላል። ፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ የምንመጠው ሸንኮራም ሆነ ከአገራችን ፋብሪካዎች የሚወጣው ስኳር ከአገዳ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ወጥመድ ይገባል። ከሩዝና ስኳር ከሚወጣለት የቀይ ሥር ዓይነት፣ ማለትም ከሹገር ቢት የሚሠራ ሽሮፕ ግን ያመልጣል። አውሮፓውያንን ያስጨነቃቸው አንዱ ይሄ ነው። በ2023 ይፋ ባደረጉት ምርመራ ከውጭ ከገባ 320 የማር ናሙና 46 በመቶው አጠራጣሪ ሆኖ ተገኝቷል።

ይሄ ምርመራ ውድ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ማር የሚታሰብ አይደለም። ለማኅበር፣ ለላኪ፣ ትልቅ ውል ለሚፈራረም ሰው ግን ከኪሳራ ይረክሳል።

ናሙና ስትወስዱ ባልዲውን ከታች እስከ ላይ በደንብ አማስሉ፤ ያለዚያ የላዩን ብቻ ትልካላችሁ። ሻጩ ባለበት በሦስት ንጹህና ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ክፈሉት። ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ቀንና ቦታ ጻፉ። አንዱ ለላብራቶሪ፣ አንዱ ለሻጩ፣ አንዱ ለእናንተ። ክርክር ከተነሳ ሦስተኛው ጠርሙስ ይዳኛል። «አልፈርምም» የሚል ሻጭ ካለ የላብራቶሪውን ገንዘብ አተረፋችሁ።

እኔ አሁን መንገድ ዳር አልገዛም። መራዊ አጠገብ ያሉትን ሽማግሌ አገኘኋቸው፤ ያንን ገበያ ላይ ያወራኋቸውን። በየዓመቱ ጀሪካኔን ቀድሜ እልካለሁ፣ ከፊሉን ብርም እከፍላለሁ። ዘንድሮ ቸኩዬ በመስከረም መጨረሻ ደወልኩ። «ልጄ፣ ኑጉ ገና አበባ ላይ ነው፣ ማሩም አልተከደነም። ወር ታገስ» አሉኝ። ጀሪካኑ ታጥቦ በረንዳ ላይ ተደፍቶ እየደረቀ ነው።